መብራቱ በራ እንጂ መንገዱ አልተከፈተም!

ጎበዝ፣ ዛሬስ ልናገር ነው። ከዚህ በላይ ሆዴ ውስጥ ይዤው መዞር አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ላይ የሚያንገበግበኝ ቀይ የሚጥሰው ብቻ አይደለም። እሱስ ጥፋተኛ መሆኑን ራሱም ያውቀዋል። እኔን የሚያቃጥለኝ አረንጓዴ በርቶለት ገብቶ መስቀለኛው መሃል ላይ የሚገተረው ነው። ማዶ ያለው መንገድ ጢም ብሎ ሞልቷል። አንድ መኪና የሚያስገባ ክፍተት የለም። ይህን በዓይኑ እያየ ይገባል። መብራቱ ይቀየራል፣ እሱ እዚያው ነው። የእኛ አረንጓዴ ይበራል፣ እሱን እያየን ይጠፋል። መስኮት አውርደህ ብትጠይቀው "ምን ላድርግ፣ አረንጓዴ ነበር እኮ" ይልሃል።

አረንጓዴ ነበር! ወንድሜ፣ መብራቱ የሚያውቀው ሰከንድ መቁጠር ነው። ማዶ ቦታ ይኑር አይኑር እሱ ምን አገባው? ዓይን የተሰጠህ አንተ ነህ።

የኡራኤልን መስቀለኛ ውሰዱ። ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ያለፈ ሰው የምለው ይገባዋል። ከ22 ሰፈር የመጣው ወደ ባምቢስ ማለፍ ይፈልጋል፤ ከካዛንቺስ የወረደው ወደ አትላስ። የባምቢስ መንገድ ሲሞላ የሰልፉ ጭራ መስቀለኛው ላይ ያርፋል። ያኔ አንድ ሚኒባስ አፍንጫውን ያስገባል። ፒክአፕ ከኋላው ይለጠፍበታል። ሌላው ደግሞ በጎን መጥቶ የራሱን ረድፍ ይፈጥራል። ለካዛንቺስ መስመር አረንጓዴ ሲበራ "እኔስ ለምን ልቅር" ብለው እነሱም በቀረችው ቀዳዳ ይገባሉ። ወደ ግራ የሚታጠፈው፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ማስቀደም ሲገባው፣ በዚያ መሃል አቋርጦ ይገባል። በቃ፣ አራቱም አቅጣጫ ተቆለፈ። ከዚህ በኋላ መብራቱ ቀይ ሆነ አረንጓዴ ማን ያየዋል?

ሒሳቡን እንይ። መኪኖች ያለ ችግር ሲያልፉ በአንድ ረድፍ በግምት በየሁለት ሰከንዱ አንድ መኪና ያልፋል። ስለዚህ 30 ሰከንድ አረንጓዴ በየረድፉ ቢበዛ 15 መኪና ነው፤ ለመነሳት የሚባክነው ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። መሃል የቆመው ሰውዬ 10 ሰከንድ ብቻ ቢዘጋ በየረድፉ አምስት መኪና አስቀረ። ሦስት ረድፍ ከሆነ 15። ከእነዚያ አንዱ አንበሳ አውቶቡስ ከሆነ ደግሞ አስቡት፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በእግሩ ቆሞ፣ ተጨናንቆ፣ ደሞዙ ላይ የሰዓት ቅጣት እየተቆጠረበት። ሰውዬው ምን አተረፈ? ምንም። ማዶ ቦታ የለማ! ሦስትና አራት ሜትር ወደ ፊት ተጠግቶ ያው የሚጠብቀውን ይጠብቃል።

በቅርቡ እዚያው ያየሁትን ልንገራችሁ። በካዛንቺስ በኩል አምቡላንስ ሳይረን እያሰማ መጣ። ከፊቱ ያሉት እውነቱን ለመናገር ሊያሳልፉት ሞክረዋል፤ ቀኝና ግራ ሸሸት ሸሸት አሉ። መሃል የተቆላለፉት ግን ወዴት ይሂዱ? ከፊትም ከኋላም መኪና ነው። ከአምቡላንሱ አንድ ባለሙያ ወረደና መስኮት ለመስኮት እያንኳኳ መለመን ጀመረ። "እባክህ ትንሽ ወደ ኋላ። እባክሽ እህቴ፣ መሪውን ወደ ግራ።" የመንገድ ዳር ልጆች ሳይቀሩ ወጥተው "ና፣ ና፣ ቁም!" እያሉ መኪና ያስወጡ ነበር። በኋላው መስታወት በኩል ጉልኮስ ከፍ አድርጋ የያዘች የአስታማሚ እጅ ይታየኛል። እጇ ሲዝል ወደ ሌላኛው ታቀያይራለች። መብራቱ ስንቴ እንደተቀያየረ አላውቅም። አምቡላንሱ ግን እዚያው ነበር። ያን ሁሉ መኪና የዘጋው ሹፌር ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እናቱ ውስጥ ብትሆን ግን ይገባ ነበር?

እግረኛውንም አትርሱት። ዜብራው ላይ መኪና ተኝቶበታል። ልጅ ያዘለች እናት በሁለት መኪና መሃል ሾልካ ታልፋለች፣ በዚያች ክፍተት ደግሞ ሞተረኛ ይመጣል። ዊልቸር ያለውማ ጭራሽ አይሞክረውም።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። እኔ ማዶው ሞልቶ ሳይ መስመሩ ላይ እቆማለሁ፣ አረንጓዴም ቢሆን። ያኔ ከኋላዬ የሚወርደው የክላክስ መዓት! "እናት፣ ተኛሽ እንዴ?" "መንጃ ፈቃዱን በስንት ገዛሽው?" ከዚያ አንዱ ሚኒባስ በቀኜ ይዞረኝና ከፊቴ ገብቶ፣ የት ይቆማል? መሃል! ረዳቱ ደግሞ አንገቱን አውጥቶ ይስቅብኛል። ሕግ ያከበረ የሚሰደብበት፣ የዘጋ "ጎበዝ ሹፌር" የሚባልበት ከተማ ሆነናል። ይኼ ነው የሚያበሳጨኝ። አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጡ ልጆች ደግሞ ክላክሱን ሲፈሩ ይገባሉ። ፈርተው ነው የሚገቡት፣ አያቸዋለሁ እኮ።

እኔ የፈጠርኩት ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በግልጽ አስቀምጦታል፤ መብራት ቢፈቅድልህም መሃል ላይ የሚያስቆምህ ጭንቅንቅ ካለ አትግባ ይላል። እንግሊዞች ደግሞ ከ1967 ጀምሮ መስቀለኛው ላይ ቢጫ መረብ ይቀባሉ። መውጫህ ነጻ ካልሆነ ያን ቢጫ አትረግጥም። አንድ ነገር ብቻ ይፈቀዳል፤ ታጣፊ ከሆንክ፣ የምትገባበት መንገድ ክፍት ከሆነና ያገደህ ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና ብቻ ከሆነ ገብተህ መጠበቅ ትችላለህ። እነሱ በግራ ስለሚነዱ ይህ ለቀኝ ታጣፊ ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ለግራ ታጣፊ ይሆን ነበር። ለንደን ውስጥ ይህንን የጣሰ ካሜራ ያየዋል፣ ቅጣቱም እስከ 160 ፓውንድ ይደርሳል። እዚያ የሚነዱ ዘመዶቻችን ጠንቅቀው ያውቁታል። ያው እኛው ነን እኮ! እዚያ ስንሄድ የምንቆም፣ እዚህ ስንመጣ የምንገባ።

ትራፊክ ፖሊሶችን አከብራለሁ። ፀሐይና ጭስ ውስጥ ቆመው የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የእነሱ ምልክት ከመብራት እንደሚበልጥም አውቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ ማዶው ሞልቶ እያለ "ቶሎ በል! ግባ ግባ!" አትበሉን። መታወቂያና ቦሎ ስትጠይቁ ከምታጠፉት ሰዓት ላይ ቀንሱና መስቀለኛው መሃል የቆመውን ቅጡ። ቀይ እንደጣሰ ቅጡት። ማሰልጠኛዎችም "አረንጓዴ ሲበራ እለፍ" ብላችሁ አትለፉት፣ "ማዶ ቦታ ካለ" የምትለዋን ጨምሩ። ከተማው ይህን ሁሉ መንገድ እየቆፈረና እያነጠፈ ለቢጫ ቀለም አያንስም። በኡራኤልና በመሰሎቹ ይጀመር።

እናንተ ከኋላዬ ያላችሁ ደግሞ፣ አረንጓዴ በርቶ ቆሜ ካያችሁኝ በእኔ በኩል አሻግራችሁ ማዶውን እዩ። ቦታ ካለና ካልሄድኩ፣ ያኔ ክላክስ አድርጉ፣ መብታችሁ ነው። ከሌለ ግን ብትጮኹም አልገባም።