መናበብስ እንዲህ ነው!

ሰው ምስጋና ቢስ ነው ወላሂ። መስሪያ ቤቶቻችን አይናበቡም፣ አንዱ የደፈነውን አስፋልት ሌላው ይቆፍረዋል ምናምን እያላችሁ የምታሙ ሁሉ ባለፈው ኮምቦልቻ ላይ የነበረውን "በጥናት የተደገፈ የንባብ ማስተማር" ወርክሾፕ ብታዩ አፋችሁን ትይዙ ነበር። ከትምህርቱ በሉት ከባህሉ በሉት ከህፃናቱ በሉት ከአጋር ድርጅቱ በሉት፣ ሰባት ቦታ የመጣ ሰው ባንድ አዳራሽ ለአንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ተጨንቆ ቁጭ ብሏል፣ እኔም የልጁ አስተማሪ ነኝና በስህተት ተጠርቼ ከኋላ ወንበር ይዣለሁ።

የቦታ አመራረጡን ራሱ አድንቁልኝ። አብዛኛው ተሰብሳቢ ደሴ ነው ሚሰራው፣ ደሴ ቢሰበሰብ ደሞ አበል የለም፣ ስለዚህ በጠዋቱ የሀረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዝን ኮምቦልቻ ወረድን። የኮምቦልቻዎቹ በፊተኛው ዙር በዛችው ሀረጎ ወጥተው ደሴ ነው የሰለጠኑት። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንዲህ ላይኛውንም ታችኛውንም እኩል ሲያበላ የት አይታችኋል?

የመጀመሪያው ሰዓት ተኩል በባነር ጉዳይ አለፈ። ሰባት ሎጎ አለ፣ የአንደኛው መስሪያ ቤት ከሌሎቹ ትንሽ አንሶ ታትሟል፣ ተወካዩ ቅር አላቸው፣ ባነሩ ወረደ፣ ሹፌር ተልኮ ሌላ ታትሞ መጣ። አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አላረገም። መናበብ ማለት ይሄ ነው።

ከዛ ስልጠናው። አምስቱ የንባብ ክሂሎች፦ ድምፅ መለየት፣ ፊደልን ከድምፁ ማገናኘት፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ ቃላት ማወቅ፣ አንብቦ መረዳት። እነዚህን ነገሮች አሜሪካኖቹ በፈረንጅ 1997 ምክር ቤታቸው አዟቸው፣ የህፃናት ጤና ምርምር ተቋማቸውና ትምህርት መስሪያ ቤታቸው ተመካክረው ናሽናል ሪዲንግ ፓነል የሚባል ቡድን አቋቁመው፣ ጥናት ሲያገላብጡ ቆይተው በ2000 ነው ሪፖርት ያወጡት። ሶስት አመት! እኛ በሁለት ቀን ጨረስነው፣ ያውም ሻይ እረፍቱ ሳይቀነስ።

አሰልጣኙ ደሞ አንባቢ ናቸው፣ ይባርካቸው። ስላይዱን ከላይ እስከታች አንድ ቃል ሳይዘሉ አነበቡልን፣ የገፁን ቁጥር ጨምሮ። እዚህ እኛ ሀገር በኛው አቆጣጠር 2002 ላይ በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪ 34 በመቶው አንድም ቃል ማንበብ አልቻለም የሚለው ጋ ሲደርሱም ያው ባንድ ትንፋሽ አንብበው አለፉ፣ እኛም አጨበጨብን። ክሂል ቁጥር ሶስት በተግባር ታየ፣ ቁጥር አምስት ጊዜ አጠረው መሰለኝ።

በጥያቄ ሰዓት እጄን አወጣሁ፣ ምን እንዳሳበደኝ እንጃ። እኔ ክፍል አንድ ልጅ አለ፣ ሀ ሁ ሂን እንደ መንዙማ ነው ሚያወርደው፣ ዜማው ያምራል። "ሄ"ን ብቻዋን ስጠቁመው ግን እጁን ከዴስኩ ስር ይደብቅና ጣቱን እየቆጠረ በሹክሹክታ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ… ብሎ እዛው ደርሶ "ሄ!" ይለኛል። ፊደሉን ሳይሆን ወረፋውን ነው የሚያውቀው። እና የድሮ የኔታዎች ይቺን ነገር ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ብለው ወረፋውን ይበጠብጡበታል፣ ዜማው እንዳይነዳው፣ እስቲ እኛም ወረፋውን እንበጥብጥ አልኩ። መድረኩ ተያየ። "አስተያየቱ ጥሩ ነው፣ ግን በጥናት ይደገፍ" ተባልኩ። አብሽሩ፣ አልከፋኝም፣ ቃለ ጉባኤ ላይ "አንድ ተሳታፊ" ተብዬ ገብቻለሁ።

የመፅሀፉን ነገርማ ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል። ለህፃናት የተዘጋጀ የተረት መፅሀፍ በካርቶን መጥቶልናል፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆኗል፣ በሞዴል 22 ወጪ እስኪሆን ስቶር ይጠብቃል። ሶስት ጊዜ ሄጃለሁ። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ውስጥ እያንሿሹ "አንተ ልጄ፣ ህፃን አይደለም እንዴ ሚይዘው? ቢቀድብኝ ማን ሊወራረድልኝ ነው?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በወረዳው ውስጥ እንደዚህ ንፁህ መፅሀፍ የለም፣ ገና ቀለሙ ይሸታል፣ የልጅ ጣት አልነካውም፣ ኢንስፔክሽን በመጣ ቁጥር ይቆጠራል፣ ሁሌም ልክ ነው፣ አንድም አልጎደለ።

ከኮምቦልቻ ባዶ እጄን አልተመለስኩም ታዲያ። ያቺን ሎጎዋ ያነሰችውን የተጣለች ባነር ለምኜ ጠቅልዬ አመጣኋት፣ የክፍላችን መስኮት መስታወቱ ከረገፈ ቆይቷል፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ደሞ ልጅ ነው ብሎ አይምርም። ቸነከርኳት። አሁን ክፍል ውስጥ ከብላክቦርዱ ቀጥሎ ትልቁ ፅሁፍ እሷ ናት፣ ልጆቹ በረፍት ሰዓት ስሯ ተኮልኩለው ፊደል ይፈልጉባታል፣ ሀ ሁ ወረፋውን ጠብቆ አልተፃፈባትማ!

ባለፈው ሳምንት ያ ጣት ቆጣሪው ልጄ ከባነሯ ስር ሩብ ሰዓት ቆሞ "ባ… ለ… ድር… ሻ" አለ። ሳይቆጥር! ዘልዬ ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

"ቲቸር፣ ባለድርሻ ምንድነው?" አለኝ።

"ድርሻውን የወሰደ ሰው ነው" አልኩት።