ጆሮ ዳባ ልበስ ላሉ ሾፌሮች የቀረበ ምስጋና

ትዕግሥተኛ ሰው ጠፋ የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው። መሪ በታጠፈ ቁጥር መኪናው «እዪዪ» እያለች ስታለቅስ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ የሚነዳውን አባወራ አላዩትም ማለት ነው። ተራ ሰው ቢሆን ጋራዥ ይሄድ ነበር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ልጆቹ አባታቸው መምጣቱን የሚያውቁት በዚያው ጩኸት ነው። በር ለማስከፈት ጥሩምባ እንኳ አያስፈልገውም።

ጥበቡን በቅርብ ማየት የፈለገ ጠዋት ኮፈኑ ሲከፈት ይምጣ። የፓወር ስቲሪንጉን (በዘይት ግፊት መሪውን የሚያቀልለውን ነገር) ዘይት መያዣ ክዳን ይፈታል። ሲገባ ቀይ የነበረው ዘይት ጠቁሯል፣ የተቃጠለ የተቃጠለ ይላል። አሸተተው። ራሱን ነቀነቀ። ምርመራው ይኸው ነው። ከዚያ ከወንበር ሥር ጠርሙሱን ያወጣል፣ እስከ ምልክቱ ይሞላል፣ ጣቱን በሱሪው ይጠርጋል፣ ኮፈኑን ጓ አድርጎ ይዘጋል። «አለቀ!» ይላል። እውነቱን ነው፣ ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል።

ይህ ዘይት ነዳጅ አይደለም፣ ነዶ አያልቅም፣ ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው እያሉ ሊያስረዱት የሚሞክሩ አሉ። ቅናት ነው። መኪናዋ የምታድርበት ቦታ ላይ እኮ ካርቶን አንጥፏል! ከዚህ በላይ ጥንቃቄ ከየት ይምጣ? አንዳንዴ የጋለው ጭስ ማውጫ ላይ ይንጠባጠብና ይጨሳል። እሳት ሊያስነሳ ይችላል የሚል አስፈራሪም አይጠፋም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የገንዘብ አያያዙ ነው። ያረጀ ቱቦ ወይም የላላ ማሰሪያ በጊዜው መለወጥ ርካሽ ሥራ ነው። እሱ ደግሞ ርካሽ ነገር አይወድም። ስለዚህ ይጠብቃል። ዘይቱ ሲያንስ እሱን የሚገፋው ፓምፕ አየር ይስባል፤ ያ ለቅሶ የሚመጣው ከዚያ ነው። ፓምፑ በደረቁ ሲፋጭ ይበላል፣ የብረት ብናኝ ያራግፋል። ብናኙ ከዘይቱ ጋር ተጉዞ የመሪው ራክ (የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ክፍል) ውስጥ ይገባል፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙትን ጎሚኒዎች ይፍቃል። እነሆ፣ በአንድ ቱቦ የተጀመረው ነገር ፓምፕ ወለደ፣ ፓምፑም ራክ ወለደ። ራክ ሲፈታ ደግሞ የጎማ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ይከተላል። አንዷን ወጪ እንዲህ ያረባ ሰው ባለሀብት ካልተባለ ማን ሊባል ነው?

በዚህም አያበቃም። አዲሱ ፓምፕ ሲገጠም መካኒኩ «የዘይቱ መስመር ካልታጠበ ብናኙ ይህንንም ይበላዋል» ይለዋል። «ገንዘቤን ልትበላ ፈልገህ ነው!» ብሎ ይቆጣል። ብዙም ሳይቆይ አዲሱ ፓምፕ ማልቀስ ይጀምራል። «ድሮም ዕቃው ፌክ ነበር» ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

የመሪው ፓወር ጭራሽ የጠፋ ዕለት መሪው ላይ የነበረችው ባለቤቱ ናት። መሪና ጎማ በብረት የተያያዙ ስለሆኑ መዞሩን አይተውም፣ ግን ይከብዳል፤ በተለይ ቀስ ተብሎ ሲነዳ። አደባባዩን መሪው ላይ በሁለት እጇ ተንጠልጥላ ዞረች፣ መኪናዋን ለማቆም ደግሞ ቂጧን ከወንበሩ አነሳች። ላብ በላብ ሆና ስትገባ «ለትከሻ ጥሩ ስፖርት ነው» አላት። የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1951 ኢምፔሪያል የተባለችውን መኪናውን በፓወር ስቲሪንግ ለገበያ ያቀረበው፣ ለካ ሰውን ከስፖርት ሊያስቀር ኖሯል።

አሁን መኪና ቀይሯል። የአዲሷ መሪ የሚታገዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ዘይት የለ፣ ቱቦ የለ፣ የሚሞላ ነገር የለ። ሰሞኑን ሥራ ፈትቶ ደብሮት ነበር። ደግነቱ ዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምልክት ያለባት መብራት በራች። ባትሪ ሲደክምም ልትበራ ትችላለችና አስመርምራት ቢሉት፣ ምን በወጣው! በጥቁር ፕላስተር ሸፈናት። ፕላስተሩ ትንሽ ሰፋ ብሎ የነዳጁንም መጠቆሚያ ጋረደው። ነዳጁን በግምት ይዞታል።