ፍሬኑ ሲለቀቅ

የሴቷ የመራቢያ እንቁላል እንዴት ለፅንስ እንደምትበስል የጻፉት ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ እጅዎ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። «እንቁላል የሚበስለው ሆርሞን ሲያዝዘው ነው» ያሉት የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያሳየው። እንቁላሏ ዱሮም ለመሄድ ዝግጁ ናት፤ የያዛት ፍሬን ነው።

የአይጥ እንቁላል በእንቁላል እጢ ውስጥ ካቀፋት ከረጢቷ አውጥቶ ሳህን ላይ ያስቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ምንም ሆርሞን ሳይጨመርባት፣ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ውስጥ ያ ትልቅ ክብ ኒውክለስ (ክሮሞዞሞቹ የሚቀመጡበት ክፍል) ከማይክሮስኮፑ ሥር ይጠፋል፤ መብሰል ጀመረች ማለት ነው። (ፒንከስ እና ኤንዝማን በጥንቸል እንቁላል ላይ ይህንኑ የጻፉት በፈረንጆቹ 1935 ነው።) ከረጢቷ ውስጥ ሳለች ግን ዙሪያዋን የከበቧት ሴሎች ሲጂኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል ይልኩላታል፤ በዚህ ምክንያት ሲኤኤምፒ የተባለው ሌላ መልእክተኛ በውስጧ ከፍ እንዳለ ይቆይና ክፍፍሉን የሚያስቀጥለውን ሲዲኬ1 የተባለ ኢንዛይም አስሮ ያስቀምጠዋል። ሲዲኬ1 ያለ እሱ የማይሠራው አጋሩ ፕሮቲን፣ ሳይክሊን ቢም፣ እየተመረተ ይፈርሳል። የመጀመሪያው ማቆሚያ ይህ ነው። ኤልኤች የተባለው ሆርሞን ሲመጣ ሲጂኤምፒው ይቀንሳል፣ ሲዲኬ1 ይፈታል፣ ጉዞው ይቀጥላል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሁለተኛው ማቆሚያ ነው። ኢሚ2 የሚሉት ፕሮቲን ሳይክሊኑ እንዳይፈርስ ስለሚከላከል እንቁላሏ ክፍፍሉን መሀል ላይ አቁማ የወንዱን ዘር ትጠብቃለች። ዘሩ ሲገባ ካልሲየም እንደ ማዕበል ይነሳል፣ ኢሚ2 ይወድማል፣ ያኔ ክፍፍሉ ያልቃል።

የሴቷ ዕድሜ ሲገፋ በእንቁላሏ ላይ የክሮሞዞም ስህተት ለምን እንደሚበዛ ላነሱት ደግሞ፦ እንቁላሎቹ የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ የሚደርሱት ሴቷ ራሷ ገና ፅንስ ሳለች ነው። ክሮሞዞሞቹን አጣብቆ የያዘው ኮሄሲን፣ በአይጥ እንደታየው፣ ከዚያ በኋላ እምብዛም አይታደስም። ከ40 ዓመት በኋላ ቢላላ ይፈረድበታል?