ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን

የአዲስ አበባ ሰው ኤፍኤምን ከመልመዱ በፊት ሬዲዮ ማለት መንግሥት የሚናገርበት፣ ሕዝብ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ዕቃ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ኤፍኤም አዲስ 97.1 ሲመጣ አስተዋዋቂዎች ከአድማጭ ጋር መጨዋወት ጀመሩ። ለግል ብሮድካስት በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 178 በ1991 ዓ.ም. ቢወጣም፣ የመጀመሪያው የግል ጣቢያ ሸገር ኤፍኤም 102.1 አየር ላይ የዋለው በ2000 ዓ.ም. ነው፤ አዋጁ በወጣ ዓመት የተወለደ ልጅ የጣቢያውን ድምፅ የሰማው ማንበብና መጻፍ ከቻለ በኋላ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መደወያው ተጨናንቋል፤ ከ88 እስከ 108 ባለው መስመር ላይ የታክሲ ሹፌር ጣቱን ትንሽ ካንቀሳቀሰ ሌላ ሰው ሲስቅ ይሰማል።

የጣቢያ ታሪክ ሲነሣ መሥራቾችና ፈቃድ ሰጪዎች ይወሳሉ። በእኔ እምነት ግን ታሪኩን ተሸክሞ የኖረው ተባባሪ አዘጋጅ የሚባለው ሰው ነው። ይህ ሰው ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል፤ ገዝቶም ሲያበቃ ዕዳውን የሚከፍልለት ስፖንሰር ፍለጋ ይወጣል። ቢሮው ካዛንቺስ ያለ ካፌ ሲሆን የቢሮው ኪራይ አንድ ማኪያቶ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክና በፕላስቲክ የተሸፈነ ፕሮፖዛል ይቀመጣሉ። ወደ ድርጅቶች ሲሄድ የማርኬቲንግ ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው በተገኙ ዕለትም ጥያቄያቸው ስለ ሙዚቃው ሳይሆን የድርጅታቸው ስም በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ነው።

ውጤቱን በአንድ ሰዓት የሙዚቃ ዝግጅት ውስጥ መስማት ይቻላል። በመጀመሪያ የስፖንሰሮቹ ስም ይዘረዘራል፤ ቀጥሎ አዘጋጁ ስፖንሰሮቹን ያመሰግናል፤ ከዚያም የአድማጭ ስልክ ይገባል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?»

«ሄሎ! ሄሎ! ገባሁ እንዴ?»

«ገብተዋል፤ እባክዎ ሬዲዮዎን ቀነስ ያድርጉልኝ።»

አድማጩ ሬዲዮውን እስኪቀንስ፣ ከየት እንደደወለ እስኪናገር፣ ለእናቱ፣ ለአከራዩና ውጭ አገር ላሉት ወንድሙ ሰላምታ እስኪያደርስ ድረስ መስመሩ ይቋረጣል። የመረጠው ዘፈን ሳይታወቅ ይቀራል፤ አዘጋጁም «ምርጫቸው ይህ እንደሆነ እገምታለሁ» ብሎ ቀድሞ ያዘጋጀውን ይለቅቃል። ዘፈኑ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ የሰዓት ማብሰሪያ ይገባበታል፤ ለካ ሰዓቱም ስፖንሰር አለው።

ለዓመታት ይህን ሁሉ ደግፎ ያቆመው ቢራ ነበር። ሙዚቃውም፣ እግር ኳሱም፣ የጥያቄና መልስ ሽልማቱም ከጠርሙስ ይቀዳ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በብሮድካስት እንዳይተዋወቅ ሲከለክል፣ ከጠጪው በፊት የሰከረው የተባባሪ አዘጋጁ የሂሳብ ደብተር ነው። ለጤና የታሰበውን ሕግ አልቃወምም፤ ነገር ግን ክፍተቱን የሞላው ሌላው ማስታወቂያ ለአድማጭ ጤና ምን ያህል እንደሚበጅ አንድ ሰው ቢያጠናልን መልካም ነበር። አሁን በሬዲዮ የሚሰሙት ባልና ሚስት ሲነጋገሩ ስለ አስቤዛ አያነሡም፤ ሚስት «ውዴ፣ ቤት መግዛት ያስፈልገናል» ስትል፣ ባል በአሥር በመቶ ቅድመ ክፍያ ስለሚገኝ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ እስከ ስልክ ቁጥሩ በቃሉ ይወጣላታል። ይህንን የሚሰማው ተሳፋሪ ግን መልስ ላስቀረበት ረዳት «ሁለት ብሬን!» እያለ በመስኮት የሚጣራ ሰው ነው።

ለሙዚቃው ባለቤት ምን ደረሰው የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ ይመጣል፤ በጣቢያዎቹም በጀት ውስጥ ቦታው እዚያው ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሎ የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ ሲውል ለባለቤቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ አሰባሰብ ሥርዓት ተደንግጎለታል። ያም ሆኖ በካሴት ዘመን ስሙ የገነነ አንድ ድምፃዊ ስታዲየም አጠገብ ታክሲ ቢሳፈር፣ ሒሳቡን ከፍሎ የራሱን ዘፈን ሊያዳምጥ ይችላል፤ እሱንም ቢሆን እስከ አዝማቹ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ይገባሉ።