ፊርማ ለዘላለም ትኑር!

ሰሞኑን ያው ደብዳቤ መጣ፤ አመሻሹ ላይ። «ነገ ጠዋት በሚካሄደው የምክክር መድረክ እንዲገኙልን በአክብሮት» ይላል። አባሪው መቶ ምናምን ገጽ ረቂቅ ሪፖርት ነው። ብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ተቋማት በሲቪል ማኅበረሰቡ የንባብ ፍጥነት ላይ ያላቸው እምነት በእውነት ልብ ይነካል።

የፓሪስ መርሆች፣ የእነዚህ ተቋማት መመዘኛ ሆነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 በውሳኔ 48/134 የተቀበላቸው፣ ተቋማቱ መንግሥታዊ ካልሆኑ ድርጅቶች ጋር ግንኙነት እንዲያዳብሩ ይጠይቃሉ። ይኸው፣ አዳበሩ።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ የስም መመዝገቢያው ወረቀት ነው። ገና በር ላይ ይቀበላችኋል። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ድርጅት፣ ኃላፊነት፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ ፊርማ። «አስተያየት» የሚል ዓምድ የለውም፤ ቦታው የት ይበቃል? በመክፈቻ ንግግሩ መሐል ለዘገዩት ይዞራል። ከሻይ በኋላ «ያልፈረማችሁ?» ተብሎ ደግሞ ይዞራል። ከሰዓት ሌላ ይመጣል፤ የጠዋቱማ የጠዋት ነው። ንግግሮቹ ሰዓቱን ከጨረሱት በኋላ ለየድርጅቱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ይደርሳል። በዚያች ሁለት ደቂቃ «በሪፖርቱ የእስር ቤት ምዕራፍ ውስጥ አስቀድሞ ሳይነገር የተደረገ አንድም ጉብኝት የለም» ያለ ሰው «ግብዓቱን ወስደናል» ይባላል። ወዴት እንደተወሰደ መጠየቅ ነውር ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ የለም፤ ወረቀቱን የሚጠብቅ ግን አለ፣ ለቡድን ፎቶ እንኳ ታቅፎት ይቆማል። በማግስቱ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ አባሪ 3 ይሆናል። መግቢያው ላይም «ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ጋር ሰፊ ምክክር ተደርጎበታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይወልዳል። ረቂቁን አምርሮ የተቃወመው ሰው ፊርማ ከደጋፊው ጎን ተሰልፎ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅር። እናንተ ተቋማት፣ የታሳሪዎችን ቃል ሰብስቦ ያስረከባችሁ የድርጅት ሠራተኛ፣ በዚያው ምክንያት ማስፈራሪያ ሲደርሰው ስልኩን አታነሱለትም። መረጃውን ስትቀበሉ ስሙን ታውቁት ነበር። መግለጫ ማውጣት ቢያቅታችሁ ለፖሊስ አንድ ደብዳቤ መጻፍ፣ ፍርድ ቤት ታዛቢ መላክ ምን ይገዳል? የማትጠብቁትን ሰው መረጃ አትውሰዱ!

ወደ ምስጋናችን። ተቋሙ «ሀ» ደረጃውን፣ ማለትም የፓሪስ መርሆችን ሙሉ በሙሉ ያሟላል የሚለውን ዕውቅና፣ ለማደስ በየ5 ዓመቱ የብሔራዊ የሰብዓዊ መብት ተቋማት ዓለም አቀፍ ጥምረት የዕውቅና ንዑስ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል፤ አባሪ 3 ያኔ በክብር ይወጣል። አንዳንድ ምስጋና ቢሶች ግን ከፊርማቸው ጎን «ረቂቁ የደረሰኝ ትናንት ማታ ነው» ብለው ይጽፉና በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል። ንዑስ ኮሚቴው ከሲቪል ማኅበረሰብም ጽሑፍ እንደሚቀበል፣ ጽሑፉም ከስብሰባው 4 ወር በፊት መግባት እንዳለበት ያውቃሉ። ቀኑን ቆጥረው፣ ፎቶውን አያይዘው ይልካሉ። እንዲህ ያሉትን ለመከላከል በሚቀጥለው ወረቀት ላይ የፊርማው ዓምድ ጠበብ እንዲል በትሕትና ሐሳብ አቀርባለሁ።