ውሻውን በስሙ፣ እኔን በአባቴ

እንግሊዞች ውሻ ይወዳሉ ሲባል አዲስ ነገር አይደለም። ለንደን የኖረ ሰው አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ዘለው ውሻውን ሲያነጋግሩ አይቷል። ይህ እኔን አያናድደኝም። ያንገበገበኝ ሌላ ነው።

ከባለቤቴ ጋር ኮትስዎልድስ በሚባለው የእንግሊዝ አካባቢ ቀደም ሲል ወዳረፍንበት አንድ የገጠር ሆቴል ተመልሰን ሄድን። እንግዳ መቀበያው ጋ ከፊታችን አንድ አዛውንት ባልና ሚስት ስፓንየል ውሻቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች፣ ተንበረከከች፣ የውሻውን ሁለት ጆሮዎች በሁለት እጇ ያዘችና «በርቲ! እንኳን ደህና ተመለስክልን!» አለችው። ካርድም ተዘጋጅቶለታል፤ ያውም በእጅ የተጻፈ። አጥንት አስመስለው የጋገሩት ብስኩት በሪባን ታስሮ ከካርዱ ጎን ተቀምጧል። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ እኛ ዞረች። «ከዚህ በፊት እኛ ጋ አርፋችሁ ታውቃላችሁ?»

እናውቃለን እንጂ! ያውም እዚያው ክፍል፣ ያው የማይገጥመው መስኮት ሥር።

በእኛ አገር ደንበኛ ማለት ማዕረግ ነው። ከአንድ ሱቅ ሁለቴ የገዛ ሰው በሦስተኛው «ደንበኛህ አይደለሁም እንዴ?» ብሎ ዋጋ ያስቀንሳል። ሥጋ ቤት ደንበኛ የሆነ ሻኛ ይቆረጥለታል፣ ያልሆነ ደግሞ የተረፈውን ይበላል። ጉሊት የምትቸረችር እናት እንኳ የሽንኩርቱን መደብ ከረጢታችሁ ውስጥ ካደረገች በኋላ አንዲት ራስ ትመርቃለች። ያቺ አንዲት ሽንኩርት ለወጥ አትበቃም፣ ግን «አውቄሃለሁ» ማለት ናት። እኔም ካርድ አልፈለግሁም፣ ብስኩትም አላማረኝም። «እናንተ ናችሁ እንዴ!» የምትል አንዲት ምርቃት ትበቃኝ ነበር።

አገሩን ላላያችሁት፣ ከፓዲንግተን በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዛችሁ ሞርተን ኢን ማርሽ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ታክሲ ነው። ቤቱ ሁሉ ቢጫ የኖራ ድንጋይ፣ አጥሩ ድንጋይ፣ ጣራው ሳይቀር ድንጋይ ነው። ባለቤቴ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆነች መስኮቱ ላይ ተለጥፋ «እንዴት ያምራል!» ትላለች። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። የማየው የድንጋይ ቤት፣ ጭጋግ፣ በግ፣ እንደገና ጭጋግ፣ እንደገና በግ ነው። ይህን ሸሽቼ አይደለም እንዴ የተሰደድኩት? አሁን ለአንድ ሌሊት የወር አስቤዛ የሚሸፍን ገንዘብ ከፍዬ መንዝ ልደር ነው። ሳሎኑ ውስጥ እንጨት ይነዳል። እናቴ ቤት ጭስ ሲነሣ እንግዳ ይቅርታ ይጠየቃል፣ እዚህ ግን እንግዳው እሳቱ ዳር ያለችውን ወንበር ለመያዝ ከእራት ይነሣል። ብርዱ ሲጸና ከሻንጣዬ ጋቢዬን አወጣሁ። «እሱን ለብሰህ ወደ ታች እንዳትወርድ» አለች ባለቤቴ። ወረድኩ።

ይህ አካባቢ የከበረው በበግ ነው። በመካከለኛው ዘመን የኮትስዎልድስ ሱፍ እስከ ጣልያን ድረስ ይሸጥ ነበር። ኖርዝሊችና ቺፒንግ ካምደን ያሉት ግዙፍ አብያተ ክርስቲያናት የቆሙት በሱፍ ነጋዴ ገንዘብ ነው። ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚነሣበት፣ ቢበሪ መንደር ያለው አርሊንግተን ሮው በ1380 የሱፍ መጋዘን ሆኖ ተሠራ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የሸማኔ ቤት ሆነ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ለንደን ያለው የጌቶች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ዛሬም የሚቀመጡት ሱፍ በተጠቀጠቀ ቀይ ትራስ ላይ ነው። ይህን የምዘረዝረው ዕውቀቴን ላሳይ አይደለም፤ ቂም ስላለብኝ ነው።

እናቴ ልትጠይቀን ቪዛ ስታመለክት ያላትን ንብረት አሳዪ ተባለች። (አባቴ «ከብርድ ወደ ብርድ አልሄድም» ብለው ገና ከጅምሩ ቀርተዋል።) ያላት በግ ነው። ቀበሌ ሄዳ በጎቿን አስቆጠረች፣ ማኅተም አስመታች፣ እኔም አስተርጉሜ ላክሁ። መልሱ መጣ፤ ወደ አገሯ እንድትመለስ የሚያስገድዳት በቂ ነገር አልታየንም! በበግ ካቴድራል የሚያህል ቤተ ክርስቲያን የሠራ አገር፣ አፈ ጉባኤውን በበግ ፀጉር ላይ ያስቀመጠ አገር፣ የእናቴን በጎች ከቁጥር አላስገባቸውም። ይህቺ ሴት እኮ ደብረ ብርሃን እኅቴ ዘንድ ሄዳ ሁለተኛ ሌሊት የማታድር፣ «በጎቼን ለአባትሽ ትቼ!» ብላ በሌሊት የምትነሣ ናት። እንኳን እንግሊዝ ልትቀር!

ውሻስ? የውሻ ፈቃድ የሚባል ነገር ነበራቸው፤ በ1987 አነሡት። ሲያነሡት ዋጋው 37 ፔንስ ነበር። እኔ ለዚያች ማመልከቻ የከፈልኩትን ባለቤቴም ስለማታውቅ እዚህ አልጽፈውም። ነገሩ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እንስሳትን ከጭካኔ የሚጠብቀው ማኅበራቸው በ1824 ተመሠረተ። ሕፃናትን ከጭካኔ የሚጠብቀው ለንደን ውስጥ የተቋቋመው በ1884 ነው። ሕፃናቱ ስልሳ ዓመት ወረፋ ጠበቁ ማለት ነው። እናቴ ወረፋው ውስጥ የት ላይ እንዳለች እንግዲህ አስቡት።

እራት ላይ በርቲ ከጎናችን ጠረጴዛ ሥር ተጋደመ። ዝናብ መትቶት ስለነበር ድንገት ብድግ ብሎ ከጆሮው እስከ ጭራው ተንዘፈዘፈና ጭቃውን ጋቢዬ ላይ ረጨው። እመቤቱ «አይዞህ፣ በረደህ?» አለች። ለውሻው ነው። ዓርብ ስለነበር ባለቤቴ የጾም ምግብ ስትጠይቅ አስተናጋጁ «ቪጋን ነዎት?» አላት። «ዛሬ ብቻ» አለችው። ልጁ ይህን የሚጽፍበት ቦታ አጥቶ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ሴት አያቶቻችን የዓመቱን እኩሌታ በነጻ ሲበሉት የኖሩት ምስር እዚህ ከዓሣው እኩል ይሸጣል፣ እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ከተረቶቻችን ሁሉ «ውሻ ምን አገባት ከእርሻ» የምትለውን እወዳለሁ። የማይመለከተው ነገር ውስጥ ዘው የሚል ሰው ሲገጥመኝ በሆዴ የምላት እሷን ነው፣ ስብሰባ ላይ ከቡና ይልቅ የምታነቃኝ እሷ ናት። አንዴ ለእንግሊዛዊ የሥራ ባልደረባዬ አስረዳሁት። አሰብ አደረገና «ግን እኮ ውሻ ከእርሻ ጋር ሥራ አላት» አለኝ። እውነቱን ነው። በአገራቸው በግ የሚያግደው ኮሊ የሚሉት ውሻ ነው። ገበሬው በር ላይ ቆሞ ያፏጫል፣ ውሻው መንጋውን ሰብስቦ ያስገባል። ተረቴም እንደ እናቴ ቪዛ ተከለከለች። ለነገሩ በርቲ በግ ቢያይ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ውሻ ነው፣ እሱ ላይ ተረቷ እስካሁን ትሠራለች።

ከሁሉ የባሰው የስሙ ነገር ነው። መዝገቡ ላይ እኔ «ሚስተር ሸዋንግዛው» ነኝ። ሸዋንግዛው አባቴ ናቸው። አባቴ ከደብረ ብርሃን አልፈው አያውቁም፤ ኮትስዎልድስ ግን ክፍል ተይዞላቸዋል፣ ቁርስ ታዞላቸዋል፣ ሒሳባቸው በበር ሥር ገብቶላቸዋል። ባለቤቴ ደግሞ «ሚስስ ኃይለማርያም» ናት። የገዛ አባቷ ሚስት አደረጓት! ብናስረዳ ልጅቷ ፈገግ ብላ ሁሉንም እንደነበረ ትተወዋለች።

ጃንሆይም ከዚህ አላመለጡም። ጣልያን አገሩን ሲይዝ ተሰድደው ከዚህ ብዙም በማይርቀው በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባለው ቤት ከ1936 እስከ 1940 ኖረዋል። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ግን ዛሬም በአጭሩ «ሥላሴ» ይሏቸዋል፤ ኃይሉን ጥለው። በ1954 በክብር ተመልሰው ሲመጡ ባዝ የከተማዋን ነጻነት የሚባለውን ማዕረግ ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም በ1958 ቤቱን ለከተማዋ አረጋውያን አበረከቱ። ተመላሽ እንግዳ ሆኖ ለመታወስ ዋጋው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቤት መስጠት። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አልጋ ላይ ሆኜ ስተነትን «ሉሉንስ ረሳኸው?» አለችኝ። የጃንሆይን ውሻ ማለቷ ነው። ሚኒስትር አጎንብሶ በሚያልፍበት ምንጣፍ ላይ እንደልብ ስለሚሮጥ ውሻ በዚያ ሰዓት ለመወያየት ፈቃደኛ አልነበርኩም፣ መብራቱን አጠፋሁ።

ሰኞ ለዚያው ባልደረባዬ ነገርኩት። እስኪያንቀው ሳቀ። «ዓርብ ማታ ነው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ገጠር ሆቴል ይገባሉ። ልጅቷ ‹እንኳን ተመለሳችሁ› ብትልህና ባለፈው የመጣኸው ከሌላዋ ጋር ቢሆንስ?» ለካ እየሸፈነችልኝ ኖሯል! በተክሊል የተጋባሁ ሰው የሌለች ውሽማዬን አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ትደብቅልኛለች። በርቲ ከማን ጋር እንደመጣ ግን ማንም አልተጠራጠረም።

መቼም ይህን ሁሉ ለሆቴሉ ልጽፍላቸው ነበር። የአስተያየት መጠይቁ በኢሜይል ሲመጣ ቡናዬን አፍልቼ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ቀድማኝ ሞልታዋለች፤ አምስት ኮከብ፣ በሚስተር ሸዋንግዛው ስም። «ሰውዬ፣ ልብህን አታድርቅ፣ ለመስከረም ቅናሽ ልከውልናል» አለችኝ።

እሑድ ለአባቴ ስደውል ስማቸው የት እንደደረሰ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው።

«ቤቱ በምን ነው የተሠራ?»

«በድንጋይ።»

«ብርድ አለ?»

«አለ።»

«በግስ?»

«ሞልቷል።»

«እና ስንት ከፈልክ?»

መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት።