እርማት፦ ሽንት በደንብ ስለወረደ ፕሮስቴቱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም

«ሽንቴ ሳይቆራረጥ ይወርዳል፣ ሌሊትም አልነሳም፤ ስለዚህ የፕሮስቴት ካንሰር ምርመራ አያስፈልገኝም» የሚል ሐሳብ እዚህ ተደጋግሞ ተጽፏል። በቅንነት የተሰጠ ምክር ይመስላል፤ ግን ትክክል አይደለም።

ጉዳዩ የቦታ ነው። የሽንት ቱቦ በፕሮስቴት፣ ማለትም ከፊኛ በታች ባለው የወንዶች ዕጢ፣ መካከል ያልፋል። በዕድሜ የሚመጣውና ካንሰር ያልሆነው የዕጢው መተለቅ የሚጀምረው በዚያው በቱቦው ዙሪያ ስለሆነ ሽንትን ቶሎ ያስቸግራል። ካንሰሩ ግን በአብዛኛው የሚነሳው ከቱቦው ራቅ ብሎ፣ ወደ ፊንጢጣ በሚጠጋው የኋላ ክፍል ነው። ቱቦውን ሳይጫን ብዙ ሊያድግ ይችላል። ምልክት ሲጠብቅ የቆየ ሰው አንዳንዴ መጀመሪያ የሚሰማው የወገብ ወይም የዳሌ አጥንት ሕመም ነው፤ በሽታው ወደ አጥንት ከተሰራጨ በኋላ ደግሞ ለዓመታት መቆጣጠር ቢቻልም ጨርሶ ማዳን ይከብዳል።

ማረጋገጫው የሚጀምረው ፒኤስኤ ከሚባለው የደም ምርመራ ነው። ከ50 ዓመት ጀምሮ፣ አባት ወይም ወንድም በዚህ ታሞ ከሆነ ደግሞ ከ45 ጀምሮ ሐኪም ያማክሩ። ደም ከመስጠትዎ በፊት 48 ሰዓት ከግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከብስክሌት ይታቀቡ። የሽንት ኢንፌክሽን ከነበረ ከታከሙ በኋላ 6 ሳምንት ያህል ይቆዩ። ብዙዎች የሚረሱት ፊናስተራይድ የተባለውን የፕሮስቴት መተለቅ መድኃኒት ነው፤ ለፀጉር መርገፍ የሚሰጠውም ጭምር የፒኤስኤውን ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ 2 ተብሎ የተነበበው 4 ሊሆን ይችላል። እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከፍ ያለ ቁጥርም ብቻውን ካንሰር ማለት አይደለም፤ ተደግሞ ይለካል፣ ቀጥሎ ኤምአርአይ፣ ካስፈለገም ከዕጢው ናሙና ይወሰዳል።